የግፊትና የስኳር ታካሚ መድኃኒቱን መውሰዱን በ8 ጥያቄ ማወቅ ይቻላል?

ነጭ ጋዋን | ሰኞ፣ ምሽት 2፡15

ሰላም የሙያ ወዳጆቼ። በአዋቂዎች ጤና ነርሲንግ ማስተርሴን እየጨረስኩ ነው። የመመረቂያ ጥናቴን የምሠራው በምሠራበት ሆስፒታል የክትትል ክሊኒክ ነው። የደም ግፊትና የስኳር ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ምን ያህል በአግባቡ ይወስዳሉ? የማይወስዱትስ ለምንድን ነው? ፕሮፖዛሉ ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ነው። ክሮስ ሴክሽናል (ሰውን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያይ ጥናት)፣ 422 ታካሚ፣ መድኃኒት አወሳሰድን የሚለካው 8 ጥያቄ ያለው የሞሪስኪ መጠይቅ፣ መጨረሻ ላይ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (ምክንያቶቹን ከውጤቱ ጋር የሚያያይዝ ስሌት)። አድቫይዘሬ "ጥሩ ነው፣ ቀጥይ" ብሎኛል።

እኔ ግን ሆዴ አልቆረጠም። ክሊኒክ ውስጥ "መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው?" ስላቸው አብዛኞቹ "አዎ ሲስተር፣ በሰዓቱ" ይሉኛል። ከዚያ ግፊታቸውን ስለካ 170 በ100 ይወጣል። መጠይቁን የሚመልሱልኝ እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ጠያቂዋም ወይ እኔ ነኝ ወይ የሥራ ባልደረባዬ። ታዲያ የማገኘው ቁጥር ምኑን ነው የሚለካው? መረጃ መሰብሰብ የምጀምረው የካቲት ላይ ነው። ልምድ ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ።

ፕሮፖዛል ገዳይ | ሰኞ፣ ምሽት 3፡02

መጀመሪያ 422 ላይ ትንሽ ልሳቅ። (አትቀየሚኝ፣ እኔም የማስተምረው እሱኑ ነው።) መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስደው ሰው ምጣኔ 50% ነው ተብሎ የናሙናው ብዛት ሲሰላ 384 ይመጣል። ለማይመልሱ 10% ሲጨመርበት 422 ይሆናል። 50% የሚወሰደው ግን ቀደም ያለ ጥናት ሲጠፋ ነው። በግፊት ታካሚ ላይ የተሠራው ጥናት በየዩኒቨርሲቲያችን መደርደሪያ ሞልቷል። አንዱን ከፍተሽ ከዚያ ምጣኔ ውሰጂ።

ሁለተኛ፣ ባለ 8 ጥያቄው የሞሪስኪ መጠይቅ ባለቤት አለው። ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ ክፍያም አለው። ያለ ፈቃድ ተጠቅመው ያሳተሙ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን እስከ ማንሳት ደርሰዋል። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2017 በሳይንስ መጽሔት ሳይቀር ተዘግቧል። እኛ አገር "ከእገሌ ቴሲስ ወሰድኩት" ብሎ ማለፍ ተለምዷል። ለማሳተም ካሰብሽ ግን ኋላ ራስ ምታት ነው።

ለግፊቶቹ የሂል ቦንን መጠይቅ እዪው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ፣ 14 ጥያቄ ያለው ነው። ስለ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ስለ ጨውና ስለ ቀጠሮም ይጠይቃል። ከሠሩት አንዷ ማርታ ሂል ነርስ ናቸው። የአሜሪካን የልብ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት የመሩ የመጀመሪያዋ ነርስም እሳቸው ናቸው። የራሳችን ሙያ ሰው የሠራው መሣሪያ እያለ ሁሌ ሞሪስኪ ሞሪስኪ የምንለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ለእሱም ቢሆን ፈቃድ ጠይቂ።

ታካሚው ጠያቂው መስማት የሚፈልገውን ይመልሳል ለሚለው ስጋትሽ ግን መጠይቅ መቀየር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ኪኒን ቆጣሪ | ሰኞ፣ ምሽት 3፡40

ከኤችአይቪ ክሊኒክ ሰላም። ስሜን አይታችሁ ገምታችኋል።

ሲስተር፣ እኛ በዚህ ነገር ቀድመን ተፈትነናል። ታካሚው ብልቃጡን ይዞ ይመጣል፣ እንቆጥራለን፣ ከ95% በላይ ከሆነ "ጎሽ" እንላለን። ሰዉ ደግሞ ብልህ ነው። የተረፈውን ኪኒን በር ላይ ደፍቶ ይገባል። ቁጥሩ ሁሌ ያምራል። የቫይረሱ መጠን ሲለካ ነው ጉዱ የሚወጣው።

እውነቱን ማን አወጣው ካልሽኝ፣ አድኼረንስ ሰፖርተሮቹ (የመድኃኒት አወሳሰድ ደጋፊዎቹ) ናቸው። እነሱ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለና መድኃኒቱን የሚውጡ ሰዎች ናቸው። ታካሚው ለእኔ "በሰዓቱ" ይለኛል። ለእነሱ ግን "ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ሄጄ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ሳልውጥ ቀረሁ" ይላቸዋል። መድኃኒቱ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ነው። ከነፃው በላይ ግን የሠራው የእነዚህ ሰዎች መኖር ነው ባይ ነኝ። ለስኳርና ለግፊት እንዲህ ያለ ሰው ማን አስቀመጠ? ማንም።

ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢሽ ነርስ አትሁን። ጋዋን አትልበስ። ከተቻለ ራሷ ክትትል ያላት፣ ማንበብና መጻፍ የምትችል ሰው አሠልጥኚ። አጠያየቁም ይለወጥ። "ይረሳሉ?" ከሚባል "ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን ያመልጠዋል፤ እርስዎን ባለፉት 7 ቀናት ስንት ቀን አመለጥዎ?" ቢባል ሰው ይናገራል።

አባ ፋርማ | ሰኞ፣ ምሽት 4፡25

የፋርማሲ ሰው ነኝ። ነርሶች ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ሲያጠኑ እኛን የሚያስታውሱን ምስጋና ገጹ ላይ ነው። ይሁን።

የእኔ ምክር ሰውየውን ከመጠየቅሽ በፊት የፋርማሲውን መዝገብ ጠይቂ ነው። በቀን አንድ እንዲውጥ 30 ኪኒን የተቀበለ ሰው ከ47 ቀን በኋላ ከተመለሰ፣ ቢበዛ 64% ነው የዋጠው። ተናገረ አልተናገረ ሂሳቡ ይናገራል። በየአገሩ "በአግባቡ ወሰደ" ለማለት እንደ መነሻ የሚያዘው 80% ነው። የ6 ወር መዝገብ አውጪና ቀናቱን አስሊ። ውሸት የለውም ማለቴ አይደለም። ከውጭ ፋርማሲ የገዛውን አያሳይም፣ የተቀበለውን ሁሉ መዋጡንም አያሳይም። ግን ቢያንስ ታካሚው ሊያስደስትሽ ብሎ የሚቀይረው ነገር አይደለም።

ሌላ ነገር። መጠይቆቹ ሁሉ የሚጠይቁት የታካሚውን ጥፋት ነው። ረሳህ? ተውክ? ሰለቸህ? "ሄጄ የለም ተባልኩ" የሚል ሳጥን የለም። የጤና መድን ያላቸው ሰዎች መስኮታችን ጋ መጥተው "ኢናላፕሪል (የግፊት ኪኒን ነው) የለም፣ ከውጭ ግዙ" ሲባሉ ፊታቸውን ብታዪው! ከውጭ ለመግዛት ገንዘብ ቢኖራቸው መድኑን ምን ፈለጉት? ያ ሰው በጥናትሽ ላይ መድኃኒት አወሳሰዱ "ዝቅተኛ" ተብሎ ይመዘገባል።

ከዚያ ደግሞ ማንም የማይጠይቀው የመድኃኒቱ ባህርይ አለ። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣል። ታካሚው ጉንፋን ይመስለውና የሳል ሽሮፕ ይገዛል፣ ወይ ራሱ ጠርጥሮ ያቆመዋል። ሌላው የግፊት ኪኒን አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል። የስኳሩ ኪኒን ሜትፎርሚን በባዶ ሆድ ሲሆን ሆድ ይረብሻል። የግፊቱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሸናል። እና ሲስተር፣ ይህን ልብ በዪልኝ። ከገጠር በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው በቀጠሮው ቀን ጠዋት የሚያሸናውን መድኃኒት አይውጥም። መንገድ ላይ ማን ያወርደዋል? የጾም ስኳር ምርመራ ያለበትም "ምንም ሳልቀምስ ና ተብያለሁ" ብሎ የግፊቱን ኪኒን ሁሉ ይዘላል። ያ 170 በ100 ያልሽው የዚያን ቀን ጠዋት ሊሆን ይችላል። "ዛሬ ጠዋት ዋጡ?" የሚል ጥያቄ ለብቻው ጨምሪ።

ነጭ ጋዋን | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡10

አባ ፋርማ፣ የአውቶቡሱን ነገር አስቤው አላውቅም። እውነትም ከሩቅ የሚመጡት ናቸው ከፍ ብሎ የሚገኝባቸው። እኔ ድካም ነው እል ነበር።

ታካሚ ነኝ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡33

ልጆቼ፣ የሙያ ሰው አይደለሁም። ስኳርና ግፊት ከያዘኝ ቆይቷል። ስለ እኛ ስታወሩ አይቼ ነው።

"አዎ በሰዓቱ" የምንለው ለምን መሰላችሁ? ወረፋ የያዝነው ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ነው። ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ ደግሞ ወረፋ። ሐኪሙ ጋ ስንደርስ ቀትር ሆኗል፣ ከኋላችን ሰው ቆሟል። "አንዳንድ ቀን ትቻለሁ" ብል ምን ይከተላል? ቁጣ። "እግርዎ ይቆረጣል፣ ኩላሊትዎ ይሞታል።" በሰው ፊት። "አዎ" ካልኩ ግን ኪኒኔን ይዤ እወጣለሁ። እኔ ውሸታም ሆኜ አይደለም፤ አሠራሩ ነው እንዲህ የሚያስብለን።

ሌላ ደግሞ ተቆጡኝም አልተቆጡኝም የማይገባኝ ነገር አለ። ግፊቴ ሲስተካከል "ጥሩ ነው" ይሉኛል። ጥሩ ከሆነ ለምን እቀጥላለሁ? ራስ ምታት የለኝ፣ ማዞር የለኝ። ግፊቱ የተስተካከለው በኪኒኑ ነው ብሎ ቁጭ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ከሰፈር ሰው ነው የሰማሁት።

ፕሮፖዛል ገዳይ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡05

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ከላይ የጻፍነውን ሁሉ ከነዚህ ሁለት አንቀጾች ጋር ብመዝነው የእርስዎ ይበልጣል።

የሜሪላንዷ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡20

ከወደ አሜሪካ ሰላም። እዚህ የቤት ለቤት ነርስ ነኝ። በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ብዙ አረጋውያን ወገኖቻችን አሉ፣ እነሱንም እጎበኛለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒት ስለሞላ፣ ኢንሹራንስ ስላለ፣ ፋርማሲው ስልክ እየደወለ "ጨርሰዋል፣ ይምጡ" ስላለ ችግሩ ይጠፋል እንዳትሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት በበለጸጉ አገሮች እንኳ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን በአግባቡ የሚከተሉት በአማካይ 50% ያህሉ ናቸው ይላል። ድሃ አገር ከዚያም ያንሳል። ያው ሪፖርት ምክንያቶቹን በ5 ይከፍላቸዋል፦ ኑሮና ማኅበራዊ ሁኔታ፣ የጤና ሥርዓቱ፣ ሕመሙ፣ ሕክምናው፣ ታካሚው ራሱ። ታካሚው ከ5ቱ አንዱ ብቻ ነው። እኛ ግን ጥናቱን ሁሉ እሱ ላይ እንከምራለን።

እኔ ብሆን ጥያቄውን ሰፋ አደርገው ነበር። ባርባራ ሪገልና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥር በሰደደ ሕመም ውስጥ ራስን ስለ መንከባከብ አንድ የነርሲንግ ንድፈ ሐሳብ አውጥተዋል። ሦስት ነገር ይለያሉ። አንደኛው ጤናን መጠበቅ ነው፣ ኪኒን መዋጥ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ራስን መከታተል ነው። ሦስተኛው ለውጥ ሲታይ እርምጃ መውሰድ ነው። ኪኒኑን በሰዓቱ የሚውጥ፣ ግን ስኳሩ ሲወርድና ላብ ሲያሰምጠው ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አለ። ያ ሰው በሞሪስኪ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፣ ማታ ግን ራሱን ስቶ ይገኛል።

አባ ፋርማ | ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡15

የሜሪላንዷ፣ ሐሳቡ ሸጋ ነው። ግን ራስን መከታተል በምን? ግሉኮሜትሩን (የስኳር መለኪያውን) በእርዳታ ያገኘ ሰው እንኳ የሚለካበትን ስትሪፕ መግዛት አቅቶት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል። የግፊት መለኪያ ያለው ቤት ከተማ ውስጥ ሀብታም ሰፈር ነው። በሌለ መሣሪያ ለክተን "የራስ ክትትላቸው ደካማ ነው" ብንል ያው ድህነትን በሌላ ስም መጻፍ ነው።

የሜሪላንዷ | ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡50

በዚህ አልስማማም ወንድሜ። መከታተል ማሽን ብቻ አይደለም። እግርን ማታ ማታ ማየት መሣሪያ አይፈልግም። ስኳር መውረዱን በምልክት ማወቅም እንዲሁ። መሣሪያ የለም ብለን ማስተማሩን ከተውን ግን ታካሚውን ሁለት ጊዜ በደልነው።

የታቦር ልጅ | ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡30

እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ሁለታችሁም ስለ ሆስፒታል ነው የምታወሩት።

ጎንደርና ጅማ ላይ የግፊት፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትልን ከሆስፒታል አውርደው ለጤና ጣቢያ ነርሶች የሰጡበት ሥራ አለ። ነርሶቹ ሠልጥነው ታካሚውን በየመንደሩ አቅራቢያ ያዩታል፣ የከበደውን ብቻ ወደ ላይ ይልካሉ። ቀን ሙሉ መንገድ የሚሄድ ሰውና ግማሽ ሰዓት የሚሄድ ሰው እኩል "ቀጠሮ አክባሪ" አይሆኑም። ስለዚህ ነጭ ጋዋን፣ ርቀትን "ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በታች" ብለሽ አትዝለይው። የትራንስፖርቱን ዋጋ፣ ማን አብሮ እንደመጣ፣ የቀን ሥራ ስንት እንደቀረ ጠይቂ።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ኤችአይቪ ላይ ደህና የሆነ ታካሚ በየ6 ወሩ እንዲመጣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተፈቅዷል። ግፊቱ የተስተካከለ ሰው ለምንድን ነው ብዙ ቦታ በየወሩ የምንጎትተው? በየወሩ ጎትተን ሁለት ወር ሲያልፈው "አቋረጠ" ብለን እንጽፋለን።

እና የካቲት ያልሽው። ሁዳዴ እኮ ነው! የማስተርስ ተማሪ ሁሉ ፕሮፖዛሉን ጥር ላይ ያጸድቅና መረጃውን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይሰበስባል። 55 ቀን ጾም በዚያ መካከል ነው። እስከ 9 ሰዓት ምግብ የማይቀምስ ሰው የጠዋቱን ኪኒን የት ያደርገዋል? ግማሹ ወደ 9 ሰዓት ይገፋዋል፣ ግማሹ ይዘለዋል። ስኳር የሚያወርደውን ግሊቤንክላማይድ የሚወስድማ ጠዋት ውጦ ቢጾም ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል፤ መዝለሉ ከመዋጡ ያድነዋል። ይሄን ሳታውቂ "ዝቅተኛ" ብትዪው ትክክል ያደረገውን ሰው ነው የቀጣሽው። በየጥናታችን ላይ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሁዳዴ ቁጥር ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ማንም ደግሞ ወሩን እንጂ ጾሙን አይጽፈውም። ለሙስሊሞቹም ረመዳን እንዲሁ ነው፤ እሱ ደግሞ በየዓመቱ ይዞራል።

ወለተ ጤና | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡20

ጾም ከተነሳ ጸበልም ይነሳ እንጂ። እኛ ጋ ስኳር ይዞት ጸበል የገባ ሰው ኢንሱሊኑን ለቤተሰብ ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ተመልሶ የሚመጣው በቃሬዛ ነው።

ግን መጠይቅ ላይ "ጸበል ይጠመቃሉ? አዎ/አይ" ብላችሁ ከመድኃኒት ማቋረጥ ጋር አታያይዙት። ብዙ ሰው ሁለቱንም ይይዛል። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብሮ መውሰድ ኃጢአት አይደለም ብለው በአደባባይ ተናግረው ነበር፤ ያኔ ብዙ ሰው ከእንጦጦ እየወረደ ክሊኒክ መምጣት ጀምሮ ነበር። ለስኳርና ለግፊት እንዲህ ያለ ቃል ከመምህራኑና ከአጥማቂዎቹ ቢወጣ የእኛ ትምህርት መቶ ጊዜ ከሚሠራው ይበልጣል። ጥያቄው "ጸበል ቦታ ሳሉ መድኃኒቱን ምን አደረጉት? ማን ምን አለዎት?" ቢሆን ይሻላል።

ኢንሱሊን ካነሳሁ አይቀር፣ የማስቀመጫውን ነገር ጠይቂ። ፍሪጅ የሌለው ቤት እርጥብ አሸዋ ባለው በሸክላ እንስራ ያስቀምጣል፤ ደህና ይሠራል። ሞቃት ቦታ ላይ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ግን በሰዓቱ ቢወጋም ስኳሩ አይወርድም። የሰውየው አወሳሰድ እንከን የለውም፣ መድኃኒቱ ግን ሞቷል።

ነጭ ጋዋን | ረቡዕ፣ ምሽት 2፡05

እግዜር ይስጣችሁ። ዛሬ ከአድቫይዘሬ ጋር ተነጋገርኩ። መጀመሪያ "አሁን ልትቀይሪው ነው?" ብሎ ተቆጣ፣ በኋላ ለስለስ አለ። የያዝኩት እንዲህ ነው።

የሞሪስኪው ቀርቷል። ለግፊት ታካሚዎች ሂል ቦን፤ ፈቃዱን ጽፌ ጠይቄያለሁ። ለሁሉም የ6 ወር የፋርማሲ መዝገብ፣ በ80% መነሻ። ታካሚው ከሚለው ጋር አነጻጽረዋለሁ፤ ሁለቱ የማይገጥሙላቸው ሰዎች ዋናዎቹ ይሆናሉ። "ዛሬ ጠዋት ዋጡ?"፣ "የለም ተብለው ያውቃሉ?"፣ "ጾም ላይ ነዎት?" የሚሉ ጥያቄዎች ገብተዋል። ጠያቂዎቹ ከሆስፒታሉ ውጭ የሆኑ ሁለት ልጆች ናቸው፣ ጋዋን የለም፣ ቦታውም ከክሊኒኩ በር ራቅ ያለ ነው። የሁዳዴውን ነገር ለማየት ግማሹን ታካሚ ከፋሲካ በኋላ እሰበስባለሁ፤ ምረቃዬን ትንሽ ሊገፋው ይችላል፣ ችግር የለም።

ጋሼ (ታካሚ ነኝ)፣ እርስዎ ያሉትን "ሲስተካከል ለምን እቀጥላለሁ" የሚለውን ከ10 እስከ 12 ሰው በጥልቀት በማናገር ላየው አስቤያለሁ።

ፕሮፖዛል ገዳይ | ረቡዕ፣ ምሽት 2፡48

ጥልቅ ቃለ መጠይቁን ተዪው ብዬ ልመክርሽ ነበር። ሁለት ዓይነት ጥናት በአንድ ማስተርስ ውስጥ ስንቱን ተማሪ ሲቀብር አይቻለሁ። አንዱን በደንብ ሠርተሽ ውጪ፣ ሌላውን ለሚቀጥለው ተዪው። ታካሚው የሚለውና መዝገቡ የት እንደሚለያዩ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ብቻውን ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ኪኒን ቆጣሪ | ረቡዕ፣ ምሽት 3፡15

ፕሮፍ፣ አልተስማማሁም። ቁጥሩ ሁለቱ እንደማይገጥሙ ይነግራታል፣ ለምን እንደማይገጥሙ ግን አይነግራትም። 10 ሰው ማናገር ሁለት ሳምንት ነው።

ፕሮፖዛል ገዳይ | ረቡዕ፣ ምሽት 3፡22

ማናገሩ ሁለት ሳምንት ነው። ቅጂውን ቃል በቃል መጻፉና መተንተኑስ? ራስሽ ወስኚ ነጭ ጋዋን። ብቻ የሥነ ምግባር ኮሚቴው የፈቀደው የድሮውን ፕሮፖዛል ስለሆነ፣ የመዝገቡን ነገርና የድምፅ ቅጂውን በማሻሻያ አስገቢ። ሳይጸድቅ አንድም ሰው አታናግሪ።

አባ ፋርማ | ረቡዕ፣ ምሽት 4፡00

መዝገቡን በስልክ ፎቶ እንዳታነሺ። ስምና ስልክ አለበት። በካርድ ቁጥር፣ በቀንና በብዛት ብቻ ገልብጪ፣ ለዚያ የሚሆን ቅጽ እኔ ጋ አለ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እልክልሻለሁ። ደግሞ ሰውየውን "አልመጣም" ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ያ ቀን መድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ ነበር ወይ የሚለውን ከስቶር ካርዱ (ከመጋዘኑ መዝገብ) ማመሳከር አትርሺ።